ሞሰቡና ባለጣሪያው ድልድይ

አንዲት የአሜሪካ ከተማ በዓሏን አቁማ፣ ባንዷን ዝም አሰኝታ፣ ፈረሶቿንና ትራክተሮቿን አሰልፋ፣ እኔና ጋሼ ወርቁ ጉዳያችንን እስክንጨርስ ቆማ ጠብቃናለች። ይኼን ኤልኤ፣ ሎስ አንጀለስ ማለቴ ነው፣ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ስናገር ሰው ማኪያቶውን አስቀምጦ ነው የሚስቅብኝ። «ሺመልስ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። ይበሉ። የኤርፖርት ሻትል፣ መንገደኛ የምታመላልስ ሚኒባስ፣ ስነዳ ዕድሜዬን ስለፈጀሁ ለተሳፋሪ ብዙ ነገር ዋሽቻለሁ፣ አልክድም። ግን ይኼኛው ውሸት ቢሆን ኖሮ ከዚህ አሳምሬ ነበር የምዋሸው። ቢያንስ ራሴን እንደዚያ ፈሪ አላደርግም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አሰለፈች ፓልምስ የሚኖሩ፣ አንድ ልጃቸውን ዮናስን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዮናስ ካልቨር ሲቲ ቢሮ ነው የሚሠራው። እዚያው ቢሮ ኤሚ ከምትባል የኦሪገን ልጅ ጋር ተዋደዱና ለፀደይ ሰርግ ቆረጡ። እትዬ አሰለፈች ልጅቷን ይወዷታል፤ በቀደም እንኳ ጫማ ገዝተውላታል። ግን አንድ ቃል ተናገሩ፤ «የሰው ልጅ ሳይጠየቅ አይወሰድም። አባቷ ፊት ሽማግሌ ቆሞ እሺ ካላሰኘ እኔ ሰርጉ ላይ የለሁም።» ዮናስ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ። ሴትየዋ ንቅንቅ አላሉም። መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጣና ሻትሌን ተደግፎ፣ «ሺመልስ፣ ያለ እናቴ እንዴት አድርጌ ነው የማገባው?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እንቢ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ሶ፣ ሽማግሌ ተፈለገ። ጋሼ ወርቁ ቀዳሚ ሆኑ። ኢንግልዉድ ነው ቤታቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፤ ለዶክተር ቀጠሮ እንኳ ሱፍ ለብሰው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ በመጨረሻው ሰዓት ጉልበቱ አበጠና ቀረ። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ፤ መኪና ስላለኝና እንግሊዝኛ ስለምችል። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከተሳፋሪ ነው፤ ስለዚህ የዓለሙን ሁሉ እንግሊዝኛ እችላለሁ።

አሁን ጭንቀቱን ስሙ። ዮናስ ለልጅቷ አባት፣ ዴል ለሚባለው፣ ለምን እንደምንመጣ አልነገረውም። «ሁለት አጎቶቼ የመኸር በዓላችሁንና የድሮ ድልድዮቻችሁን ማየት ይፈልጋሉ» ነው ያለው። ለምን ስለው፣ «እንዴት ብዬ ላስረዳው? ልጁን ልትገዙ የመጣችሁ ቢመስለውስ?» አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልፈራሁም ነበር።

ሐሙስ

ገና ሳንነሳ ፀብ። እትዬ አሰለፈች ከፌርፋክስ ሱቅ ሞሰብ ገዝተው አመጡ። ሞሰብ ስላችሁ ደረቴ ጋ የሚደርስ፣ ክዳኑ እንደ ቤት ጣሪያ የሾለ፣ ቀይና ወርቃማ ስፌት።

«አሰለፈች፣ ሽማግሌ ዕቃ ተሸክሞ አይገባም» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«እርስዎ ደንቡን ያውቃሉ፣ እነሱ አያውቁም። ባዶ እጃቸውን መጡ ይሉናል።»

«እሺ ሳይሉ ዕቃ ካየ ሰውየው ገበያ ነው የሚመስለው።»

ዮናስ የፈራውን ነው ጋሼም የተናገሩት። በኋላ ተስማሙ፤ ሞሰቡ ይሄዳል፣ ግን ዴል እሺ እስኪል ከመኪና አይወርድም። ችግሩ በበሩ አልገባ አለ። በጎኑ አስተኝቼ ላስገባው ስል እትዬ አሰለፈች እጄን መቱኝ፤ «ቅርጹ ሊበላሽ!» ሶ ጣሪያው ላይ፣ ዕቃ መጫኛው መሀል፣ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ኤርፖርት ሻንጣ እንደሚጠቀለለው በፕላስቲክ ጠቀለልኩት፣ በገመድ አሰርኩት። ዕቃ በማሰር ኤልኤ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም፤ ይኼን ለትምክህት አይደለም የምናገረው፣ ስለምታውቁት ነው።

ሻትሌ ድሮም ጣሪያዋ ከፍ ያለ ነው። ሞሰቡ ሲጨመርባት የሆነች ቤተክርስቲያን ጎማ አውጥታ የምትሄድ መሰለች። ከዚያ በፍሪዌዩ ላይ ድልድይ በመጣ ቁጥር ጋሼ ወርቁ አንገታቸውን ቀበር ያደርጋሉ።

«ያልፋል?»

«ያልፋል ጋሼ።»

«ለክተኸዋል?»

«በዓይኔ ለክቼዋለሁ።»

ከኤልኤ እስክንወጣ ያሉትን የፍሪዌይ ድልድዮች አስቡት። ተራራው ላይ ንፋሱ ሲመጣ ደግሞ ሞሰቡ ማፏጨት ጀመረ። ዝግ ብዬ ነዳሁ፤ አሮጊት ሁሉ እያለፈችኝ ክላክስ ታደርግልኛለች። ከተራራው ስንወርድ ሜዳው ጀመረ፤ ለውዝ፣ ወይን፣ ቲማቲም የጫነ ካሚዮን። ጋሼ ወርቁ «ይኼ ሁሉ መሬት ሰው የለውም?» አሉ። «አለው ጋሼ፣ ሰውየው ቤቨርሊ ሂልስ ነው ያለው» አልኳቸው። ሳቁልኝ። በዚያ መንገድ ላይ የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሳክራሜንቶ አካባቢ አንድ ርካሽ ሞቴል አደርን። እራታችን እትዬ አሰለፈች የቋጠሩልን የእንጀራ ድርቆሽ ነበር። ጋሼ ሱፋቸውን መስቀያ ላይ ሰቅለው፣ ሞሰቡ እንዳይሰረቅ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ማን እንደሚሰርቀው እኔ አልገባኝም። ግን እኔም ሁለት ጊዜ ተነስቼ አየሁት።

ዓርብ

መንገዱ ሽቅብ ነው። ሻስታ ተራራ ነጭ ሆኖ ፊታችን ተገተረ፤ ብዙ ሰዓት ነዳን፣ ከፊታችን አልሄድ አለ። ጋሼ የምንናገረውን ያለማምዱኝ ጀመር።

«እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትተረጉማለህ። ከራስህ አትጨምር።»

«እሺ።»

«ቀልድ የለም።»

«እሺ።»

«እሺ እስኪለን አንቀመጥም፤ እጁ የነካውን አንበላም፣ አንጠጣም።»

«ውሃስ?»

«ሽማግሌ ነህ ወይስ ግመል?»

ግመል እኮ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ይሄዳል ልላቸው ነበር፣ ቀልድ የለም ስላሉኝ ተውኩት። ከዚያ ውስጥ ውስጡን በእንግሊዝኛ ልምምድ ያዝኩ። «ልጅህን ስጠን» የሚለውን በየትኛውም መንገድ ብናገረው ወንጀል ይመስላል። ሻትል ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው አስቂያለሁ፣ አስታርቄያለሁ፤ ይኼ አንድ አረፍተ ነገር ግን ላብ አስወጣኝ።

ማታ ሳይሆን ደረስን። የነዴል ከተማ፣ ዩጂን የሚባለው ትልቅ ከተማ ሳትደርሱ፣ ከፍሪዌዩ ወጣ ብላ ነው። ዋናው መንገዷ ፌርፋክስን ከኦሎምፒክ መንገድ እስከ ፒኮ መንገድ ብታስቡት ያን ያክላል፤ ልዩነቱ ፓርኪንግ አለ፣ ደግሞ ነፃ ነው። ሕንፃዎቹ የድሮ ሸክላ ናቸው፤ መቼ እንደተሠሩ ግድግዳቸው ላይ ተጽፏል። በየደጁ ዱባ ተደርድሯል። ጋሼ ወርቁ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አዩ፣ አዩና፣ «ዱባውን ለምን አይበሉትም?» አሉኝ። ለማየት ነው ስላቸው ለሕዝቡ አዘኑለት።

ሞቴላችን የራሜሽ ነው። ራሜሽ ከህንድ፣ ከጉጃራት የመጣ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሪሴፕሽኑ ጀርባ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ቁልፍ ሳይሰጠን ወጥቶ ሞሰቡን ዞረው።

«ምንድነው?»

«ገበታ ነው።»

«ለምን አላወረዳችሁትም?»

ድካም ነው መሰለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ዮናስን፣ እናቱን፣ ዴልን፣ አለመቀመጡን፣ አለመብላቱን። አሜሪካ ውስጥ ይኼን ነገር ሳስረዳ ሰው ግንባሩን ነው የሚቋጥርብኝ። ራሜሽ ግን ራሱን ነቀነቀና፣ «በእርግጥ አትበሉም። በልታችሁ እንዴት ትጠይቃላችሁ?» አለ። «ግን ለምን ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ?»

ጋሼ ወርቁ ምን አለ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ባርኔጣቸውን አነሱለት። የዚያን ዕለት እራት የሰጠን ራሜሽ ነው፤ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው ብንለው ሚስቱ ምስርና ሩዝ ይዛ መጣች። ምስሩ የኛን ምስር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ቅዳሜ

ዴል በጠዋት መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ እጁ አካፋ ያክላል፣ ሲስቅ ሞቴሉ ይሰማል። ሁለታችንንም አቅፎ ከመሬት አነሳን። ጋሼ ወርቁ አየር ላይ ሆነው ባርኔጣቸውን ይዘው፣ «ንገረው» አሉኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ሰውየው ፒክአፑ ውስጥ ከቶን መንገድ ጀመረ።

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ለካ ወሬ ተጠራቅሞበታል። ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው ወሰደን። ድልድዮቹን ልንገራችሁ፤ ቤት ናቸው። ግድግዳ አላቸው፣ ጣሪያ አላቸው፣ መስኮት ያላቸውም አሉ፤ ከሥራቸው ወንዝ ይሄዳል። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ቀለሙ የለቀቀ ግራጫ። ውስጡ ስትገቡ ጨለም ይላል፣ የእርጥብ እንጨት ይሸታል፣ እግራችሁ ሲረግጥ ከላይም ከታችም ይመልስላችኋል።

ጋሼ በኔ በኩል፣ «ድልድይ ጣሪያ ምን ያደርግለታል?» ብለው ጠየቁ።

«ዝናቡን ጣሪያው ይቀበልለታል» አለ ዴል። «ጣሪያው ሲበሰብስ ጣሪያውን እንቀይራለን። ድልድዩ ይቆያል። የኔ አባት ይኼን ነጩን ሁለት ጊዜ ከድኖታል።»

ጋሼ ወርቁ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ሰውየውን እንደወደዱት ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ይኼ ደግሞ ባሰብኝ። የምትወደው ሰው ፊት ማፈር ይከፋል።

ከዚያ በዓሉ። የከተማው ሜዳ ላይ ድንኳን፣ የፖም ጭማቂ የሚጨምቁ፣ የሣር እስር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ትልቁ ዱባ የማን ነው ብለው የሚመዝኑ። ፌርፋክስ ላይ አዲስ ዓመት ሲከበር መንገድ ተዘግቶ ሰው እንደሚጨናነቀው ነው፤ ግን ማንም ማንንም አይገፋም፣ ሙዚቃውም ጆሮ አይቀድም። ዴል ሁሉንም በስማቸው ያውቃል። ሁሉም ምግብ ይሰጠናል። በቆሎ፣ ቋሊማ፣ ኬክ። እኔ ምራቄን እየዋጥኩ «ኖ ታንክ ዩ» እላለሁ። ከሁሉም ከሁሉም ዴል ራሱ፣ ሟች ሚስቱ ትሠራው እንደነበረው አድርጎ፣ በጠዋት ተነስቶ የፖም ፓይ፣ ውስጡ ፖም የተሞላ ጣፋጭ ቂጣ፣ ጋግሮልናል። ከፒክአፑ አወጣው፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

«ቁጭ በሉ፣ ብሉ» አለ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ በራሳቸው እንግሊዝኛ። ያለቻቸው እንግሊዝኛ እሷ ነበረች።

«ትንሽ ብቻ ቅመሱ።»

«ኖ ታንክ ዩ» አልኩ። ሆዴ ግን እኔን አልሰማኝም፤ ሜዳው ላይ የሚጫወተው ባንድ እስኪዞር ድረስ ጮኸ። አሁን ነው ብዬ፣ «ዴል፣ የመጣነው እኮ…» ስል አንዱ ዱባ መመዘኛው ተበላሸ ብሎ ጠራው፣ ሄደ። ሲመለስ ፓዩን ሸፍኖ ወደ መኪናው መለሰው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የለም።

ሞቴል ስንመለስ ዮናስ ደወለ። «ሺመልስ፣ ምንድነው ያደረጋችሁት? አባቷ ደውሎላት ‘ሰዎቹ ጠልተውኛል፣ ቁጭ አይሉም፣ እጄ የነካውን አይበሉም’ አላት። እያለቀሰች ነው።»

ለጋሼ ነገርኳቸው። ቆይተው ተነሱ፣ ሱፋቸውን ቦረሹ፣ ሪሴፕሽኑ ጋ ሄደው ራሜሽ ፊት ቆሙ። እኔ እየተረጎምኩ፣ «ሦስተኛችን ታሞ ቀርቷል። ነገ ከኛ ጋር ይቁሙልን» አሉት። ራሜሽ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ኮቱን ልታመጣ ገባች።

እሁድ

ዴል ክፉ ሰው አይደለም። እንደጠላነው እያሰበ እንኳ አከበረን፤ «ከሩቅ የመጡ እንግዶች» ብሎ ሻትላችንን የበዓሉ ሰልፍ ውስጥ አስገባት። ሰልፉ ከከተማው ተነስቶ በነጩ ድልድይ ውስጥ ያልፋል። ከፊት የድሮ ትራክተሮች፣ ዴል አንዱ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ እኛ፣ ራሜሽም ከኋላችን ወንበር ላይ። ከኛ ኋላ የትምህርት ቤት ባንድ፣ ከነሱ ኋላ ፈረሶች፣ የድሮ መኪኖች፣ ከተማው በሙሉ።

ድልድዩ መግቢያ ላይ ከፍታው ተጽፏል። አነበብኩ። የሻትሌ ቁመት ስንት እንደሆነ ከስሜ በላይ አውቃለሁ፤ በሰፊው ታልፋለች። ከኤልኤ ጀምሮ በየድልድዩ «ያልፋል?» የሚሉት ጋሼ ወርቁ ያን ጊዜ ንግግራቸውን እያለማመዱ ነበር፣ አልጠየቁኝም። እኔ ለሕዝቡ እጄን እያወዛወዝኩ ነበር። ሞሰቡን ሁለታችንም ረሳነው።

መሀል ስንደርስ ከላይ «ቋ» አለ። ሻትሏ ተንገጫገጨችና ቆመች። ወደፊት ብል ይንቋቋል፣ ወደ ኋላ ብል ባንዱ ከመስታወቱ ላይ ነው ያለው። የሞሰቡ ክዳን መሀል ላይ ዝቅ ካለው የጣሪያው አግዳሚ እንጨት ሥር ገብቶ ተሰንቅሯል። አባቱ ሁለት ጊዜ የከደነውን ድልድይ ልሰብርበት ነው ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላ ባንዱ አንድ በአንድ ዝም አለ፤ መጨረሻ ላይ ትልቁ ጥሩምባ ብቻ ቀረ፣ እሱም አፈረና ተወ።

ዴል ከትራክተሩ ወርዶ በእግሩ መጣ። ጋሼ ወርቁ በሩን ከፈቱ።

«እዚሁ ይሁን» አሉ።

«ጋሼ፣ መንገድ ዘግተናል እኮ።»

«ስለዘጋን ነው የሚሰማን። ውረድ።»

ወረድን። ራሜሽም ኮቱን ቆልፎ ወረደ። ሦስት ሆነን ዴል ፊት ቆምን። ዴል ቀና ብሎ እንጨቱን አየ፣ «ድልድዩ ደህና ነው፤ የተጎዳው የናንተው ዕቃ ነው» አለ። ከዚያ ጋሼ ወርቁን አየ፤ ዕድሜያቸውን አይቶ ከአንዱ ጋሪ ላይ የሣር እስር አወረደላቸው። «ቁጭ በል» አላቸው።

«አልቀመጥም። ጉዳይ አለኝ» አሉ በአማርኛ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የመጣነው ድልድይ ልናይ አይደለም። ዮናስ የሚባል ልጅ አለን፤ አባት የለውም፣ እኛ ነን አባቱ። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን፣ ልጃችንንም ልጅ ያድርጉልን ብለን ፊትዎ ቆመናል። መልስዎን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ አንበላም።»

አሁን ተራው የኔ ነው። «ስጡን» የሚለውን ቃል አልፈዋለሁ ብዬ በሌላ በኩል ዞርኩ። «ዴል» አልኩ፣ «አልጠላንህም። እኛ አገር ሰው ልጁን ሲድር አንድ ሰው መጥቶ ፊቱ ቆሞ ይጠይቀዋል። ሳይጠይቁ መብላት ንቀት ነው። ከኤልኤ የመጣነው አንተን ልንጠይቅ ነው። የሚገዛ የለም፣ የሚሸጥ የለም። ጣሪያው ላይ ያለው ገበታ ነው፤ እሺ ካልክ ይወርዳል፣ እንቢ ካልክ ይመለሳል።»

«እኔ ያልኩት ይኼን ያህል አይረዝምም» አሉ ጋሼ ወርቁ።

ዴል ግራ ገብቶት ከኔ ወደሳቸው አየ። «እነሱ እኮ ተጫጭተዋል። የሷ ምርጫ ነው። እሺ። በእርግጥ እሺ። አሁን ትቀመጣላችሁ?»

ልቀመጥ ወገቤን ማጠፍ ስጀምር ጋሼ ኮሌታዬን ያዙኝ።

«ምን አለ?»

«እሺ አለ ጋሼ። አለቀ።»

«እንዲህ በአንድ ትንፋሽ? ዶሮ እንኳ ሲጠየቅ ሰው ያስባል። ይኼ ሰው አልሰማንም።»

ምን ብዬ ነው ለዴል፣ «እሺህ ፈጠነብን» የምለው? ከከተማው ሕዝብ ፊት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ ራሜሽ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። ዴልን ያውቀዋል፤ ትንሽ ከተማ ነው። «ዴል፣ ልጆቹ መጫጨታቸውን ሰዎቹ ያውቃሉ። ልጆቹን አይደለም የጠየቁት። አንተን ነው። የኔ ሚስት አባት ለኔ ቤተሰብ እስኪመልስ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር» አለው።

ዴል ኮፍያውን አወለቀ። ድልድዩ ውስጥ ከሥር የሚሄደው ወንዝ ብቻ ይሰማል። ከኋላ ሰዎች እየተጠጉ ነው፤ ማንም ክላክስ አያደርግም። እሺ ያለውን መልሶ እንቢ ሊለው ነው አልኩ በልቤ። የእትዬ አሰለፈች ወንበር ሰርጉ ላይ ባዶ ሆኖ ታየኝ።

«በስልክ መልእክት ነው የሰማሁት» አለ ዴል። «‘ዳድ፣ ተጫጨን’ የሚል። ‘ደስ ብሎኛል’ ብዬ ጻፍኩላት። ሌላ ምን ይባላል? እናቷ ብትኖር ኖሮ ታወራት ነበር።» ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። «ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። እስከ ነገ ስጡኝ።»

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ወርቁ ከጉዞው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ወረደ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። እኔ ግን ያሰብኩት፣ እስከ ነገ ፓይ የለም ማለት ነው የሚለውን ነበር።

ሻትሏን ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ ይኼን ክብር ማንም እንዳይወስድብኝ። አንዱ መጋዝ ይምጣ ይላል፣ አንዱ ፈረስ ይጎትታት ይላል። ተሳፋሪ የሞላች ሻትል ዝቅ እንደምትል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ባንዱን በሙሉ ከነጥሩምባው፣ ከነከበሮው ጫንኩ፤ ወንበር ላይ፣ መሀል፣ ጭን ላይ። የገና ሰሞን ኤርፖርት እንኳ እንዲያ ጭኜ አላውቅም። ሻትሏ ቃተተች፣ ተቀመጠች፣ ሞሰቡ ከእንጨቱ ለቀቀ። እያዘገምኩ ስወጣ ውስጥ ያሉት መንፋት ጀመሩ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ፕላስቲኩ ተቀዷል፣ የክዳኑ ጫፍ ጎብጧል። ድልድዩን ግን ጭረት እንኳ አላገኘውም።

ሞቴል እንደገባን እትዬ አሰለፈች ጋ ደወልኩ።

«እሺ አለ?»

«እስከ ነገ ስጡኝ አለ።»

«ቀን ጠየቀ?» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያው ልጁን የሚወድ ሰው ነው። ሄደህ ተኛ አንተ።»

እንዴት እተኛለሁ? ዮናስ ደግሞ ደወለ፤ ኤሚና አባቷ ስልክ ከያዙ መሽቶባቸዋል፣ በሩን ዘግታለች፣ ታለቅሳለች፣ ምን እንደሚያወሩ አያውቅም። «ነገሩን አበላሸኸው እንዴ?» አለኝ። ማበላሸቴን ባውቅ ኖሮ እቀልድበት ነበር። አለማወቄ ነው የጨረሰኝ።

ሰኞ

ጠዋት ፒክአፑ ሲመጣ በመስኮት አየሁት። ዴል ሱፍ ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮታል፣ ከቁም ሳጥን የወጣ መሆኑ ይታያል። ጋሼ ወርቁ ከኔ በፊት በር ላይ ቆመዋል። ራሜሽ ከሪሴፕሽኑ ወጥቶ ከጎናቸው ቆመ። እኔም ቆምኩ።

ዴልም አልተቀመጠም። «ሌሊቱን አወራን» አለ። «ስለ ልጁ ጠየቅኳት። ስለ እናቷ አወራን፤ ከቀብሯ ወዲህ አንስተናት አናውቅም ነበር። ይኼን ልጅ ከልብሽ ትፈልጊዋለሽ ወይ አልኳት። ‘አዎ’ አለችኝ።» ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ የያዙትን ጋሼ ወርቁን አየ። «ስለዚህ እኔም እሺ ብያለሁ። እናትየው ግን በሚቀጥለው መኸር ራሷ ትምጣ። ስትመጣ ቆማ እንዳታስጨንቀኝ፣ ትቀመጥ።»

ስተረጉም ድምፄ ተሰበረ። ጉንፋን ነው አልኳቸው። ጋሼ ወርቁ ወንበር ሳቡ፣ ሱፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ዴል፣ ከዚያ ራሜሽ፣ ከዚያ እኔ። ሞሰቡን ከዴል ጋር አወረድነው። ዴል የጎበጠውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና፣ «እንዳታቃኑት» አለ። ፓዩ መጣ። ጋሼ ወርቁ የመጀመሪያውን ቆርሰው ዴልን አጎረሱት፤ ሰውየው ያን ትልቅ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ተቀበለ። ፓዩ እንዴት ነበር ብትሉኝ አላውቅም። ሦስት ቁራጭ ሳላኝክ ነው የዋጥኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ጣሪያችን ባዶ ነበር። ጋሼ ወርቁ ግን በየድልድዩ ሥር አሁንም «ያልፋል?» ይሉኝ ነበር። ለምደውታል።

ፀደይ ላይ እትዬ አሰለፈች ሰርጉ ላይ ከዴል አጠገብ ነው የተቀመጡት። ያን ያየ ብዙ ሰው አለ። ድልድዩን ነው የማያምኑኝ። እሺ፣ ጋሼ ወርቁን ጠይቁ፤ ሱፋቸውን እስኪለብሱ ትጠብቃላችሁ እንጂ አይዋሹም። ራሜሽን ጠይቁ፤ «ሦስተኛው እኔ ነበርኩ» ይላችኋል፣ ኮቱንም ያሳያችኋል። የባንዱን ትልቅ ጥሩምባ የሚነፋውን ጠይቁ፤ ጭኑ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበር አይረሳም። ይኼ ሁሉ ካልበቃችሁ ዩጂን ሳትደርሱ ውጡና ነጩ ድልድይ ውስጥ ግቡ፣ መሀል ስትደርሱ ቀና በሉ፤ አግዳሚው እንጨት ስንጥቅ ውስጥ አንድ ቀይ የስፌት አክርማ ተሰክቶ ታገኛላችሁ። ማንም እንዳይነቅለው ዴል አስጠንቅቋል። ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ጫፉ የጎበጠ ሞሰብ ሳሎኑ መሀል አለ፣ ፖም ነው የሚያስቀምጥበት። ሂዱና ጠይቁት። ግን ቆማችሁ።